ዝምተኛው ዋርሎክ እና የሞገስ ነጥብ

የአክስቴ ልጅ ለጠረጴዛ ጨዋታችን ገጸ ባህሪዋን ስትፈጥር መጀመሪያ የጻፈችው ስም አልነበረም። «አይናገርም» ብላ ነው የጀመረችው። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ፦ «ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ጨለማ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ውል አለው። ለምን እንደተዋዋለ ለማንም አልነገረም።»

ወረቀቱን ተቀብያት ሳነብ ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሰይፍ የታጠቀ ጀግና ነው። እሷ ግን ሰው ይዛ መጣች። ከዚያ የሕጉን መጽሐፍ ገለጥኩና ደስታዬ ቀዘቀዘ። እሷ የፈለገችው ሙያ ዋርሎክ ይባላል፤ ኃይሉን ተዋውሎ የሚያገኝ አስማተኛ ነው። ዋርሎክ ድግምቱን የሚሠራው ደግሞ በሞገስ ነው። ፊቱን የሚያዞረው ዝምተኛ ሰውዬ፣ በሕጉ መሠረት፣ ከሁላችንም በላይ ባለ ሞገስ ሊሆን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ ብዙ ሰው ዲ ኤንድ ዲ ይለዋል። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንደ ሉዶ ጠጠር የሚገፋበት አይደለም። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ዲኤም ይሆናል፤ ዓለሙንና ውስጡ ያለውን ሁሉ እሱ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይይዛሉ። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ይላል አንዱ። ይሳካለት እንደሆነ የሚወስነው ባለ ሃያ ጎን ዳይስ ነው። ዳይሱ ላይ የሚደመረው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች የሚወጣ ነው። ዋናዎቹ ቁጥሮች ስድስት ናቸው። ስድስቱ ሰውዬው ማን እንደሆነ ይናገራሉ። ቢያንስ መናገር ነበረባቸው።

የምንጫወተው ቅዳሜ ማታ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ እናቴ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ከአምስታችን ሁለቱ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ስለዚህ በአማርኛ እንጫወት ተባለ። ወረቀቱን የመተርጎም ሥራ እኔ ላይ ወደቀ፤ ዲኤሙ እኔ ነኛ።

የሰውነት የሆኑት ሦስቱ አላስቸገሩኝም። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት። አለቀ። የቀሩት ሦስቱ ግን ሳምንት ፈጁብኝ። አንዱን እውቀት አልኩት፤ ትዝታንና ስሌትን፣ የተማሩትን ይዞ ማመዛዘንን የሚለካ ነውና ምንም አይልም። ሁለተኛውን መዝገበ ቃላቱ እንዳለው ጥበብ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ሞገስ።

«እውቀትና ጥበብ ምንና ምን ናቸው?» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ወረቀቱን ገና እንዳየች።

በጥበብ የሚሠሩትን ነገሮች ዘረዘርኩላት። ሰው ሲዋሽ መንቃት። ከኋላ የሚመጣ ኮቴ መስማት። የደነበረ እንስሳ ማረጋጋት።

«ይሄ ታዲያ ምኑ ነው ጥበብ?»

እውነቷን ነው። እኛ ጋ ጥበብ የሰሎሞን ነው። ጥበብ ኪነት ነው። ጥበብ የሀበሻ ቀሚስ ላይ የሚሸመነው ጌጥም ነው። ከኋላ የሚመጣ ኮቴ ለመስማት ሰሎሞንን መሆን አያስፈልግም።

እናቴ ጀበናውን ይዛ ስትወርድ ያዝኳት። «እማዬ፣ ሳይነግሩት የሚገባው ሰው ምን ይባላል?»

«ልብ ያለው ነዋ።»

«በአንድ ቃል በይልኝ።»

«ልቦና።» ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ የሳምንት ሥራዬን በላጲስ አጠፋሁ። ልብ አለ ስንል አስተዋለ ማለታችን ነው፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ እኔ ነኝ ሩቅ የሄድኩት።

አንድ ቃል ግን ከመጀመሪያው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያገኘሁት። ድግምት። ድግምት የወጣው ከመድገም ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ያንኑ ቃል ከቀን ቀን እያለ፣ ቆይቶ መጽሐፉን ሳይገልጥ ይለዋል። ድግምትም እንዲሁ ተጠንቶ በቃል የሚባል ነገር ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች አማርኛ አያውቁም፤ የመጀመሪያው አስማተኛቸው ግን ልክ እንደዚህ ደጋሚ ነበር። ሐሳቡን የወሰዱት ጃክ ቫንስ ከሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ነው። አስማተኛው ጠዋት መጽሐፉን ከፍቶ ድግምቱን ያጠናል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ይውላል። ሲጠቀምበት ከጭንቅላቱ ይጠፋል። ነገ እንደገና ማጥናት አለበት።

ዛሬ ዊዛርድ የሚባለው ሙያ ከዚያ የመጣ ነው። ለኔ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንደሱ ተሟልቶ የተሠራ ሙያ የለም። የ1978ቱን ሕግ ብታዩ ይገባችኋል። እውቀቱ 18 የሆነ አስማተኛ አንድ አዲስ ድግምት ሲያገኝ የመማር ዕድሉ 85 ከመቶ ነው። እውቀቱ 9 ከሆነ 35 ከመቶ። መግባት የማይችል ነገር ስንት ጊዜ ቢያነቡት አይገባም፤ ይሄን ሒሳብ አስተማሪዬም ያውቁታል። ጀማሪው አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ አለው። የሕይወት ነጥቡ የሚወሰነው ባለ አራት ጎን ዳይስ ተጥሎ ነው፤ ጥሩር መልበስ አይችልም። ስለዚህ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ይፈራል። ያስባል። አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ባየ ቁጥር ይገባል። የሞተ አስማተኛ ካገኘ ከወርቁ በፊት መጽሐፉን ይፈልጋል። ቁጥሩ ተማሪ ነው ይላል፣ ታሪኩም ተማሪ ነው ይላል፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰውም ሳይታወቀው እንደ ተማሪ መኖር ይጀምራል። አገር ቤት ስለ ደብተራ የሚወራውን የሰማ ሰው ደግሞ ዊዛርድን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። የሁለቱ አዲስ አበቦች ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «መጽሐፉ ቢሰረቅበትስ?» ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

ሞገስስ?

ሞገስ መጀመሪያ ላይ ከድግምት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ1974ቱ ሕግ ሞገስ የሚወስነው ስንት ሰው ተቀጥሮ እንደሚከተልህ ነው። ሞገስህ 3 ከሆነ አንድ ሰው፣ 18 ከሆነ አሥራ ሁለት። ታማኝነታቸውም ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያው ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ጠንቋይት ብትይዝህ ወደ አሳማ ትለውጥህ ወይስ አፍቅራ ታስቀርህ እንደሆነ በሞገስህ ይታያል ይላል። ሌሎቹ ቁጥሮች ያኔ ያን ያህል ሥራ አልነበራቸውም፤ ለሙያህ ዋናው የሆነው ቁጥር ከፍ ካለ ልምድ ቶሎ ታገኛለህ፣ በአብዛኛው እሱ ነበር። ተዋጊው በጉልበት፣ አስማተኛው በእውቀት፣ የሃይማኖት ሰው የሆነው ክሌሪክ በዚያ እናቴ ልቦና ባለችው። ሦስት ሙያ፣ ሦስት ቁጥር። ሞገስ የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ጨዋታውን ማስላት ጀመረ። ለስድስቱ ቁጥሮች ዳይስ ጣላችሁና አንዱ ዝቅ ብሎ 6 ወጣባችሁ እንበል። የት ታስቀምጡታላችሁ? ሞገስ ላይ። ብዙ ሰው ሞገስ ላይ ነው የሚጥለው፤ ቅጥረኛ ይዞ መዞር እየቀረ ሲሄድ ቁጥሩ ሥራ ፈት ሆነ። ሕጉን ያደሱት ሰዎች ይሄን ሳያዩ የቀሩ አይመስለኝም። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ሶርሰረር የሚባል አዲስ ሙያ መጣ። ሶርሰረር አያጠናም። ድግምቱ ደሙ ውስጥ ነው፤ አብሮት ተወልዷል። ከዊዛርዱ መለየት ነበረበትና ቁጥሩ ሞገስ ተደረገ። ምክንያቱ የማንነት ብርታት ነው፣ የሰውየው ፈቃድ ዓለሙን ይጫነዋል ይባላል። እሺ፣ ሶርሰረር ላይ ይሁን ብዬ አልፌዋለሁ።

ችግሩ እዚያ አልቆመም። ባርድ፣ ማለትም የነሱ አዝማሪ፣ በ1989ኙ እትም ድግምቱን በእውቀት ነበር የሚሠራው፤ በ2000 ወደ ሞገስ ተዛወረ። ይሄ ላይ አልከራከርም። ማሲንቆውን ይዞ በገባህበት ቅጽበት ስምህን ከግጥም ጋር አስማምቶ ብር ከኪስህ የሚያስወጣ ሰው ሞገስ የለውም የሚል ካለ ይምጣ። ፓላዲን ግን? ፓላዲን ቃለ መሐላ የፈጸመ ተዋጊ ነው። በ2000ው እትም ጸሎቱ ሲሰማለት የነበረው በልቦናው ነው። በ2014 አምስተኛው እትም ሲመጣ እሱም ወደ ሞገስ ተጠቃለለ። ዋርሎክም እዚያው።

ቤታችሁ ውስጥ ቦታው የማይታወቅ ዕቃ ሁሉ የሚወረወርበት አንድ መሳቢያ የለም? የሰዓት ባትሪ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ የተበጠሰ ቻርጀር። ሞገስ ያ መሳቢያ ሆነ። ኃይሉ ከየት እንደመጣ ግልጽ ያልሆነ ሙያ ሁሉ እዚያ ይጣላል። በ2014ቱ መጽሐፍ ካሉት አሥራ ሁለት ሙያዎች አራቱ በሞገስ ነው ድግምት የሚሠሩት። በእውቀት የሚሠራው ዊዛርድ ብቻውን ቀረ፤ የሱን ድግምት ከሚዋሱ ሁለት ንዑስ ሙያዎች በስተቀር። ይባስ ብሎ በ2000ው እትም እውቀት ያለው ሰው በየደረጃው ተጨማሪ የክህሎት ነጥብ ያገኝ ነበር፤ በ2014 ያም ተነሳ። ዛሬ ብዙ ጠረጴዛ ላይ 8 የሚጻፈው እውቀት ላይ ነው። ሰነፍ ቁጥሩ ከሞገስ ወደ እውቀት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ሁለተኛ ጉዳትም አለው። አራቱ አንድ ቁጥር ስለሚጋሩ መደባለቅ ይቀልላል። ሁለት ደረጃ ዋርሎክ፣ የቀረውን ፓላዲን፤ ሞገስህ ከፍ ካለ ሁለቱም ይሠራሉ። ከአምላኩ ጋር ቃል የገባ ሰው ጨለማ ውስጥ ካለ ነገር ጋርም የተዋዋለው በታሪኩ ምክንያት ሳይሆን ሒሳቡ ስለሚያዋጣ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ቡድን ውስጥ ስጫወት እንዲህ ያለ ገጸ ባህሪ የያዘ ልጅ ነበር። ጨለማ ውስጥ ያለው ማን ነው ብለው ሲጠይቁት «እስካሁን አላሰብኩበትም» አለ። ደረጃው ስምንት ደርሷል!

ወደ ዝምተኛው ሰውዬ ልመለስ። ታሪኩን ብቻ ይዤ ሞገሱን 8 ላድርገው ብልስ? ሒሳቡ እንዲህ ነው። ዋርሎክ ድግምት ሲወረውር ጠላት የሚያመልጠው 8፣ ሲደመር በጀማሪ ደረጃ 2፣ ሲደመር የሞገሱ ጭማሪ የሚሆነውን ቁጥር በዳይስ ሲያሟላ ነው። ሞገስ 16 ከሆነ ጭማሪው 3 ነው፤ ድምሩ 13 ይመጣል። የተለየ መከላከያ የሌለው ጠላት ከሃያ ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ይያዛል። ሞገስ 8 ሲሆን ጭማሪው ተገላቢጦሽ ነው፣ ሲቀነስ 1። ድምሩ 9። አሁን የሚያዘው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው። ከአሥር ስድስት የነበረው ከአሥር አራት ይሆናል። ገጸ ባህሪዋን በታሪኳ መጫወት ከፈለገች ማታውን ሙሉ እየሳተች ታመሻለች ማለት ነው። ይሄ ፍትሐዊ አይደለም።

እዚህ ላይ አስቆመችኝ። «ቆይ፣ የምትደምረው 3 ብቻ ከሆነ 16 ምን ይሠራል?»

ምንም። ምንም ማለት ይቻላል። 16 የአያት ቅርስ ነው። ድሮ ሦስት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ይጣልና የሦስቱ ድምር ይጻፍ ነበር፤ ከ3 እስከ 18። 18 የሚወጣው ከ216 አንዴ ነው፤ በወጣለት ቀን ሰው ለጎረቤት ያወራል። ዛሬ ዳይስ መጣሉን ብዙዎች ትተውታል፤ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 የሚሉ ቁጥሮች ተሰጥተውህ ቦታ ቦታ ታስይዛቸዋለህ። ትልልቁ ቁጥር ግን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቆየ። ፓዝፋይንደር የሚባለው ተፎካካሪ ጨዋታ በ2023 ባደሰው ሕግ ትልልቆቹን ቁጥሮች ጥሎ ጭማሪዎቹን ብቻ አስቀርቷል። ትክክል ይመስለኛል፤ ግን 18 የሚለው ቁጥር ይናፍቀኛል።

መፍትሔ ፍለጋ የሕጉን ሰዎች ከመውቀሴ በፊት እሷን ጠየቅኳት። «ኃይሉ ከየት ነው የሚመጣው?»

ጥቂት አሰበች። «ከሱ አይደለም። እሱ በሩን ከፍቶ ይዞ መቆም ነው የሚችለው። ይከብደዋል።»

እውቀት ብዬ ላቀርብላት አስቤ ነበር። ውል ነው፣ ውል የሚያነብ ሰው ያሸንፋል፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ሰውዬው እረኛ ነው፤ ማንበብ አይችልም። ልቦና ቢሆን ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ይሆንባታል፣ ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ያለ ውል አይገባም። በሩን ይዞ መቆም ጽናት ነው። ይሄ የኔ ፈጠራም አይደለም፤ በ2008ቱ አራተኛ እትም ከዋርሎኮች ገሚሱ የሚሠሩት በጽናት ነበር። ለምን እንደተዉት ገብቶኛል። ጽናት ለማንም ሰው የሕይወት ነጥብ ይሰጣል። ድግምት እያካሄድክ ስትመታ እንዳይቋረጥብህ የምትጥለውም ዳይስ በጽናት ነው። እዚያ ላይ የድግምቱን ብርታት ጨምርበት፤ አንድ ቁጥር ሦስት ደሞዝ በላ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ያጉረመርማሉ፣ ደግሞም ልክ ናቸው። ወንድሜ ገና ሳልጨርስ አጉረምርሟል።

ስለዚህ ዋጋ አስከፈልኳት። በውሉ የሚገኘውን ድግምት በሠራ ቁጥር አንድ ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ከሕይወት ነጥቡ ይቀነሳል። ጀማሪ ዋርሎክ በጽናት 16 የሚኖረው 11 የሕይወት ነጥብ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሦስቱን የሰጠው ጽናቱ ነው። ዳይሱ በአማካይ 3 ተኩል ይወስዳል። ጽናቱ የሰጠውን ውሉ ይበላዋል። ወረቀት ላይ ሚዛኑ ልክ መጣልኝ። ሞገሱን 8 አደረገችው፣ በደስታ። ወንድሜም እያጉረመረመ ተስማማ፤ የሱ ተዋጊ ሞገሱ 8 መሆኑን ያኔ ልብ ያለ አልነበረም። የሌሎቹን አላየሁም ነበር። ዊዛርዱ 10፣ ክሌሪኳም 8።

የመጀመሪያው ማታ ላይ ሽፍቶች ድልድይ ላይ ጠበቋቸው። ክሌሪኳ ወደቀች። የአክስቴ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ምንም አላለችም። ትንሿን ዳይስ አነሳች፣ ጣለች። 6። አምስት የሕይወት ነጥብ ቀራት። በላጲስ 11ን አጠፋች፣ 5 ጻፈች፣ ከዚያ ባለ ሃያ ጎኑን ዳይስ ለኔ ለሽፍታው እንድጥልለት ገፋችልኝ። ሁለታችንም አልተናገርንም። ወንድሜ ቡናውን እንደያዘ ቀረ። ጣልኩ፤ 12። ማምለጫው 13 ነበር።

ድልድዩን ተሻግረው የከተማው በር ላይ ደረሱ። መሽቷል። አንዷ ደምታለች፣ አንዱ ልብሱ ላይ ያልደረቀ ጥቁር ነገር አለበት፣ ሌላው መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፏል። ዘበኛው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ «እናንተ እነማን ናችሁ?» አላቸው።

ሁሉም ወረቀቱን አየ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ወንድሜን አየ፣ መልኩ ቢያንስ ጤነኛ ነው ብለው ይሆናል። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና ዳይሱን ጣለ።

3 ወጣ። ሲቀነስ 1።

«እ… እኛ ሽፍታ አይደለንም» አለ።